በአዝራር የመጣው አባት

የላቦራቶሪው መስታወት በኳስ በተሰበረ ማግስት፣ ሳጅን ዋቅቶላ የዘጠነኛ ክፍሏን ትርሲትን ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠራት። የሰበረችው እሷ ናት። ካመነች ትባረራለች።

በዚያ ዘመን ፖሊስ ወላጅ በሌለበት ተማሪን መጠየቅ አይችልም። ወላጅ ደግሞ ጊዜ የለውም። ስለዚህ በየተማሪው ኮሌታ ላይ አንዲት አዝራር ተሰፋች። ወላጅ ቤት ውስጥ ለልጁ የሚናገረውን እየሰማች ትማርና በሱ ፋንታ ትናገራለች። አዲስ ነገር በሰማች ቁጥር አረንጓዴ ትበራለች።

«በይ እስቲ የኔ ልጅ፣ መስታወቱን ማን ሰበረው?» አላት ሳጅኑ ለስለስ ብሎ።

ትርሲት ጨንቋት አፏን ልትከፍት ስትል አዝራሯ በአባቷ ድምፅ ቀደመቻት። «ዝም በይ፣ ኳስ እያየሁ ነው።»

ሳጅኑ በረጅሙ ተነፈሰ። ወላጅ ዝም በይ ካለ ሕግ ነው። «እሺ ጋሼ፣ ኳሱን ማን እንደመታው ብቻ ትንገረኝ።»

«እናትሽን ጠይቂ።»

«እናቷን የት ላግኛት?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ አትነዝንዢኝ።»

ሳጅኑ ኮፍያውን አነሳ። «ምነው እኔም እንዲህ ያለ ጠበቃ በኖረኝ» እያለ ወጣ።

ትርሲት ቤት ስትገባ አባቷ ቴሌቪዥኑ ፊት ተተክሏል። «አባዬ፣ ዛሬ እኮ አዳንከኝ» አለችው።

«ዝም በይ፣ ኳስ...» ብሎ ጀመረና አንገቱን ወደ እሷ አዞረ። «ከምን?»

ዓመቱን ሙሉ ጨልማ የከረመችው አዝራር ኮሌታዋ ላይ አረንጓዴ በራች።