ጥጉ ጋ የምትጠፋው መኪና

የሰፈሩን መኪና ሁሉ የሚያስነሳ መካኒክ የራሱን ማስነሳት እንዴት ያቅተዋል?

ልጅቱ ይህን ጥያቄ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ይዛው ኖራለች። የአባቷ አሮጌ መኪና ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ሳትደርስ፣ አጥሩ ጥግ ላይ ትጠፋ ነበር። አባቷ ኮፈኑን ከፍቶ ጭንቅላቱን ውስጡ ይቀብራል። «አንቺ ሂጂ፣ ይረፍድብሻል» ይላታል። እሷም ማንም ሳያያት ቦርሳዋን አንግባ ትሮጣለች። ሞተሩ ሲነሳ የሚሰማት በሩን አልፋ ከገባች በኋላ ነው። ዝገቱንና በሽቦ የታሰረውን በር አንድም የክፍሏ ልጅ አይቶባት አያውቅም።

እናቷ «ለሰው ሐኪም፣ ለራሱ በሽተኛ» እያለች ትስቅበት ነበር።

አሁን ልጅቱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ መኪና ልትገዛ ነው። እንደ እኩዮቿ ሁሉ በስልኳ መረጠች። የኤሌክትሪክ፣ ነጭ፣ ሰፊ ስክሪንና የኋላ ካሜራ ያለው፣ ትንሽ የተነዳ። ሻጩ መሥሪያ ቤቷ ግቢ ድረስ አመጣላት። ባልደረቦቿ ሊያዩ ወጡ።

አባቷም ሳይጠራ መጣ፤ ዘይት የጠገበ ቱታውን እንደለበሰ። ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። መነጽሩን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ በጀርባው ተኛና ከሥር ገባ።

«ፋዘር፣ ይሄ እኮ የሞተር ዘይት የለውም» አለ ሻጩ። ባልደረቦቿ ሳቁ።

«ጎማ ግን አለው» አለ አባቷ ከሥር ሆኖ። «የፊተኛው ባንድ ጎኑ ተበልቷል። ተጋጭቶ የተጠገነ ነው። ልጄ፣ ይቅርብሽ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አባዬ፣ የራስህን መኪና እንኳ አስተካክለህ አታውቅም። በቃ ሂድ።»

አባቷ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሄደ። ኮፈኑ ላይ የረሳውን መነጽር ልጅቱ አነሳችው። ሻጩ ስም ማዛወሩ ነገ ያልቃል ብሎ መኪናውን ይዞ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸውን፣ ዳቦ አከፋፋዩን፣ ማዶ ላለው ሱቅ ዳቦ ከመኪናው ሲያወርድ አገኘችው። ያቺን የአባቷን አሮጌ መኪና፣ እሷ ዩኒቨርሲቲ በገባችበት ዓመት የገዛው እሱ ነው።

«በአባዬ ጋራዥ በኩል ታልፋለህ?»

«አልፋለሁ። ግቢ።»

«በሩ ጋ ሳትደርስ ጥጉ ላይ ታወርደኛለህ። መነጽሩን እንዲወስድ በስልክ እጠራዋለሁ።» መካኒኮቹ በዚህች መኪና ስትመጣ እንዲያዩዋት አልፈለገችም።

የመኪናዋ በር ዛሬም በሽቦ ታስሯል። የድሮው ትምህርት ቤቷ ጥግ ሲደርሱ ልጅቱ ሳታስበው ወንበሩን ጨበጠች።

«ምነው?»

«እዚህ ጋ ትጠፋለች።»

«ማን? ይቺ?» ሰውዬው ሳቀ። «አባትሽ ሲሸጥልኝ ‹ሞተሯ እንደ ሰዓት ነው› ብሎኝ ነበር፤ አልዋሸም። ከበሩ በቀር የከዳኝ ነገር የለም። ዘጠኝ ዓመት ስነዳት አንድ ቀን ጠፍታብኝ አታውቅም።»

ልጅቱ መነጽሩን በመዳፏ እንደያዘች ዞራ የትምህርት ቤቱን ጥግ አየች።

«ጥጉ ላይ አታውርደኝ» አለችው። «ጋራዡ በር ድረስ ግባና ክላክስ አድርግ።»