የሪሀና ተጠባባቂ

ሪሀና በከሚሴው የኪነት ቡድን ሙዚቃዊ ድራማ ሙሽራዋን ሆና ትጫወታለች። በቡድኑ ሁለት ተተኪዎች አሉ። በድሩ ከአጃቢም ከተወዛዋዥም የጎደለውን ሁሉ ስለሚሞላ፣ እንደ መኪና ትርፍ ጎማ «እስኮርታ» ይሉታል። እሱ አላስቸገራትም። ያንገበገበቻት ሳሚያ ናት። ሳሚያ የምታጠናው የሪሀናን ቦታ ብቻ ነው፤ ሪሀና ከታመመች እሷ ትገባለች።

ሪሀና ግን ታማ አታውቅም።

«አካም ቡልቴ፣ ጉሮሮሽ እንዴት አደረ?» ትላታለች ሳሚያ ጠዋት ጠዋት፣ ዝንጅብል በማር የሞላ ፔርሙዝ ይዛ።

«በኔ ጉሮሮ ምን አስጨነቀሽ?»

«እንዲያው ነው።»

ሰንበቴ ገበያ ላይ ሲያሳዩ ካፊያ ቢጥል፣ ሹራቧን አውልቃ ደረበችላት። መንገድ ሲሻገሩ ባጃጅ ከመጣ ክንዷን ይዛ ትጎትታታለች። ልምምድ ላይ ተራዋ ሲደርስ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትዘፍነው። ድምጿ ሰው ያፈዛል። ለሪሀና ግን ፊቷን ማዞሯ ንቀት ነው።

«ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» አለችው በድሩን። «ቦታዬን ነው የምትጠብቀው።»

«ለሰው ማሰብ ነውር ሆነ እንዴ?»

«አንተ ምን ታውቃለህ!»

ለደሴው ውድድር የሚመርጡት ዳኞች በመጡ ዕለት ሪሀና የዝንጅብሉን ሻይ ተቀብላ፣ ሳሚያ እያየቻት ደጅ ደፋችው። ከዚያ አዘጋጁን ጋሽ ወንዴን ያዘችው።

«ወይ እሷ ወይ እኔ!»

«የኔ ልጅ፣ ዛሬን እለፊልኝ።»

አላለፈችውም። ታፍኖ የከረመ ብሶቷ ገነፈለ። አዳራሹ እስኪያስተጋባ ጮኸች፣ ደግማ ጮኸች። ድምጿ ሻከረ፣ ሰለለ፣ ከዚያ ጭራሹን ጠፋ።

ጋሽ ወንዴ ራሱን ያዘ። ዳኞቹ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ሳሚያ፣ ቶሎ ልበሺ!»

ሪሀና የሙሽራ ቀሚሷን አውልቃ ለሳሚያ ሰጠቻት። ይኸው፣ የተመኘችውን አገኘች! እንባዋን እንዳታይባት ፊቷን አዞረች። ከበሮው ተመታ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሳሚያ መጋረጃው ጋ ደረሰችና ተመለሰች። ሪሀና፣ ልትስቅብኝ ነው ብላ ጥርሷን ነከሰች።

ሳሚያ እግሯ ላይ ወደቀች።

«በአላህ ይዤሻለሁ፣ በሹክሹክታም ቢሆን አንቺው ውጪ፤ እኔ ሰው ፊት ከቆምኩ ቃል አይወጣኝም!»