ከስም ዝርዝሩ በኋላ

የሲኒማ ቤቷን ጽዳት ሠራተኛ ለዓመታት ሲያንገበግባት የኖረው የእነዚህ የሚበሩ ጀግኖች ፊልም አልቆም አለማለቁ ነበር። የስም ዝርዝሩ አሥር ደቂቃ ይወርዳል፤ ሕዝቡ ግን ከዝርዝሩ በኋላ የምትመጣዋን ቁራጭ ትዕይንት ለማየት እንደተቸነከረ ይቀመጣል። ሁለት መቶ ወንበር ሳይጠረግ ቀጣዩ ተመልካች ከገባ ተቆጣጣሪው የሚጮኸው በእሷ ላይ ነው።

የዚያን ቀንም ስሞቹ እየወረዱ እሷ መጥረጊያዋን ይዛ ስትገባ፣ ፕሮፌሰር የሚሉት ጢማም፣ የአርባ ዓመት ሰውዬ እንደ ጀግኖቹ ካባ ደርቦ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይሰብክ ነበር። «ይቺን ቁራጭ ያላየ ቀጥሎ የሚመጣው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም በፍጹም አይገባውም!» አለና ፈንዲሻውን ከጭኑ ላይ ወደ ወለሉ አራገፈ። «እትዬ፣ ዞር በይልን እስቲ። አንቺ እንደሆነ አይገባሽም።»

«አይገባኝም?» መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ስክሪኑ ፊት ሄዳ ቆመች። «አገር ምድሩን አፍርሰው ሲያበቁ አንድ ጠራጊ እንኳ አይታይም። ፍርስራሹን ማን ያነሳላቸዋል፣ ነፋስ?» ከኋላ አንዱ ሳቀ። «ቁራጯን ከጠዋት ጀምሮ ሦስቴ አይቻታለሁ። ልንገራችሁ?»

ፕሮፌሰሩ ብድግ አለ። «በእናትሽ እትዬ! ሁለት ዓመት ጠብቄያታለሁ!»

«እኔ ደግሞ እናንተ እስክትወጡልኝ ዘጠኝ ዓመት» አለችው። «ሞተ ብላችሁ ያለቀሳችሁለት ጀግና አልሞተም። ሣጥኑ ውስጥ ዓይኑን ይገልጣል። ከነነፍሱ የቀበረውም ያ ስታወድሰው የዋልከው ጓደኛው ነው።»

ስሞቹ ገና እየወረዱ ሕዝቡ እየተራገመ ወጣ። ፕሮፌሰሩም ጆሮውን እንደያዘ ተከተለ። እሷ ከሦስተኛው ረድፍ ጀምራ ጠረገች።