ያልጸደቀው ለውጥ

የሆስፒታሉ የመረጃ ባለሙያ በኮምፒውተሩ የሕሙማን መዝገብ ላይ ለውጥ ለማስገባት ትራንዛክሽን ከፈተችና ጠዋት ባረፉት እናቷ ስም ትይዩ «ተኝተው በመታከም ላይ» የሚለውን «በሞት የተለዩ» ብላ ለወጠችው። እስክታጸድቀው ድረስ ለውጡን ከእሷ በቀር የሚያየው የለም፤ መስመሩም ስለሚቆለፍ ሌላ ሰው ሊለውጠው አይችልም። ጣቷ ግን ማጽደቂያው ላይ ሲደርስ እምቢ አላት።

ስልኩ ጮኸ። እንግዳ ተቀባይዋ ነበረች። «እህቴ፣ ሲስተሙ አንዱን አልጋ አልለቅ አለኝ። በሽተኛ በቃሬዛ ይዘው ቆመዋል።»

«ማን ተኝቷል ይልሻል?»

እንግዳ ተቀባይዋ የማን እናት እንደሆኑ ሳታውቅ ስማቸውን ከነአባታቸው አነበበችላት። «ተኝተው በመታከም ላይ ናቸው ይላል።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገመችላት። ባለሙያዋ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ ከዚያ አጸደቀችው።

«እፎይ፣ ለቀቀ» አለች እንግዳ ተቀባይዋ። «ኑሪልኝ።»