ቢጫና ጥቁሯ እጀታ

«እጆችህ የት ናቸው?» ይለኛል ሻምበል ኬርቬላ በጆሮ ማዳመጫው።

ጄቱን የሚያበርረው እሱ ነው፤ ፊት ተቀምጦ በትንሿ መስታወት ያየኛል፣ የሚያየው ግን ፊቴን ብቻ ነው። እኔ ከኋላው ነኝ። የፈረንሳይ ልጅ ሁሉ በየሳምንቱ በሥዕል መጽሔት የሚከታተለውን ጀግና አብራሪ፣ ሻምበል ብሬዛክን፣ በቴሌቪዥን የምጫወተው እኔ ነኝ። እስከዛሬ ግን «የበረርኩት» ፓሪስ ስቱዲዮ ውስጥ፣ በእንጨት ጄት ነው።

ዛሬ ጄቱ እውነተኛ ነው፤ ከፊቴ የተገጠመው ካሜራም እየቀዳ ነው። ኬርቬላ ከደቂቃ በፊት «ያዝ እንግዲህ፣ ሻምበል ብሬዛክ!» ብሎ እየሳቀ ገለበጠን። የዲዦን የወይን እርሻ ከአናቴ በላይ ሆነ። ሐሞቴ ፈሰሰ።

ዝቅ ብዬ አያለሁ። ቀኝ እጄ በጉልበቶቼ መሀል ያለችውን ቢጫና ጥቁር እጀታ ጨብጧል።

በስመ አብ! መጽሔቱ ላይ ብሬዛክ ጭንቅ ሲመጣበት እቺኑ ጨብጦ ነው የሚሳለው። ስለዚህ ዳይሬክተሩ «ስትፈራ ጨብጥና ሳብ፣ ክንድህ ሲወጠር ያምራል» ይለኛል፤ እሱ «ቁረጥ!» እስኪል አልለቃትም። አርባ ጊዜ እንዲያ አድርጌያለሁ። የእንጨቷ እጀታ ምንም አትሠራም። ይቺኛዋ ግን ሌላ ናት፤ ከተሳበች ወንበሩ እኔን ይዞ ወደ ሰማይ ይተኮሳል። መካኒኩ ጎንትራን ከመነሳታችን በፊት እጀታዋ እንዳትሳብ የምትይዘውን መቆለፊያ ፒን ነቅሎ፣ ቀይ ጥብጣቧን አፍንጫዬ ሥር እያወዛወዘ፣ «ከዚህ በኋላ ቀልድ የለም፣ ጌታዬ» ብሎ ኪሴ ከቷታል።

«እጀታዋን ይዣታለሁ» እላለሁ።

የኬርቬላ ሳቅ ቀጥ ይላል። ጄቱ ቀስ ብሎ ይቃናል።

«ልቀቃት፣ ወንድሜ።»

«ጣቶቼ እምቢ አሉኝ!»

እውነቴን ነው። በፈራሁ ቁጥር ክንዴ ይወጠራል፤ በተወጠረ ቁጥር እንደለመደው ወደ ላይ ይስባል።

«በናትህ ልቀቃት» ይላል ኬርቬላ። ሞት የማይፈራው ሰውዬ «በናትህ» ሲል ስሰማ ጭራሽ ይብስብኛል። እጀታዋ እጄ ውስጥ ቀጭ ስትል ይሰማኛል።

«ስቱዲዮ ውስጥ መቼ ነው የምትለቃት?»

«ዳይሬክተሩ ቁረጥ ሲል…»

«ቁረጥ!» ብሎ ይጮሃል።

እጄ እኔን ሳይጠይቅ ይከፈታል።

«ሁለቱንም እጆችህን መስታወቱ ላይ አሳየኝ። እስክናርፍ እንዳታወርዳቸው!»

እንደ ምርኮኛ እጆቼን እንዳነሳሁ አረፍን። አላፍርም፤ አልቅሻለሁ።

ሞተሩ ሲጠፋ ጎንትራን መሰላሉን ይወጣል። «እህ፣ ሻምበል ብሬዛክ! ሱሪው ደህና ነው?» ይልና ፒኗን ከኪሴ አውጥቶ እጀታዋ ሥር ወዳለው ቀዳዳ ይሰዳታል።

አትገባም። እንደገና ይሞክራል። ጎንበስ ብሎ ያያል። እጀታዋ ከቦታዋ የአንድ ጣት ያህል ወጥታለች።

«እንዳትነቃነቅ» ይለኛል በሹክሹክታ።

 ቀይዋን ጥብጣብ ጥሎ፣ እጀታዋ ከዚህ በላይ እንዳትወጣ በሁለት እጁ ይይዛታል።