አፌን እያየሽ ስሚኝ

የፋብሪካው ሸማኔዎች ሥራ ባቆሙ ዕለት፣ ሊቀመንበራቸው ሊደራደርላቸው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ። የሠራተኛ ማኅበሩን ያቋቋመላቸው እሱ ነው፤ እነሱም መርጠው የከተማው ምክር ቤት አስገብተውታል።

«እሱ እንኳ አይሸጠንም» አሉ ጋሽ ሽብሩ፣ ግቢው ውስጥ ቆመው በመስኮቱ መስታወት እያዩት።

ዘርፌ አጠገባቸው ነበረች። ሥራ የጀመረች ሰሞን የሽመና መኪናዎቹ ጩኸት ቢያደነቁራት፣ «እህቴ፣ ጆሮሽን ተይውና አፌን እያየሽ ስሚኝ» ብሎ ያስተማራት ይኸው ሊቀመንበር ነው። በዚያ ክፍል ሁሉም የሚነጋገረው እንዲሁ ነው፤ አንዱ የሌላውን ከንፈር እያየ።

ሊቀመንበሩ የቀረበለትን ሻይ ፉት አለና፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳደረገ፣ እየሳቀ አንድ ነገር ተናገረ። ዘርፌ ከንፈሩን እያየች ቃል በቃል አነበበችው። ጋሽ ሽብሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ወዲያው ወጣና ደረጃው ላይ ቆሞ እጁን አነሳ። «ወገኖቼ! ስለ እናንተ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተከራከርኩ!»

ያጨበጨበ የለም። ዘርፌ ድምፅ ሳታሰማ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ጀመር። ጋሽ ሽብሩ ተከተሏት፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ራሱ ከመስታወቱ ወዲያ የተናገረውን መለሰለት፦

«ግድ የለም፣ ይተዉአቸው። ሲርባቸው በእግራቸው ይመጣሉ።»