የሰባተኛዋ ዳኛ ነጥብ

ካፒቶሊና አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ ልጇ አንደኛ እንዲወጣ። አንደኛ ካልወጣ ወታደር ነው። የቼቺኒያ ጦርነት ከተጀመረ ሁለተኛ ወሩን ይዟል፤ በፔርም ከተማ ዕድሜው የደረሰ ወንድ ሁሉ በጸደይ ይጠራል። ብሔራዊ ቡድን የገባ ስፖርተኛ ግን አይነካም። ከዚያ አካባቢ ወደ ቡድኑ የሚገባው ደግሞ የዕለቱን ውድድር የሚያሸንፈው አንድ ጥንድ ብቻ ነው።

ልጇ ቭሴቮሎድ ይባላል፤ ሴቫ ነው የሚሉት። ከኡልያና ጋር በረዶ ላይ በጥንድ መንሸራተት ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። በአንድ እጁ ከራሱ በላይ ያነሳታል፤ እሷም እየሳቀች ትወርዳለች። ጎበዞች ናቸው። ከየካተሪንበርግ የመጡትም ጥንዶች ጎበዞች ናቸው፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ዳኞቹ ዘጠኝ ናቸው፤ ትልቁ ነጥብ ስድስት ነው። ነጥቡ ግን አይደመርም። እያንዳንዱ ዳኛ ማንን ከማን እንዳስበለጠ ይታይና አምስት ዳኛ ያገኘ ያሸንፋል። ይህን ካፒቶሊና ልጇን ተከትላ አዳራሽ ለአዳራሽ ስትንከራተት በቃሏ አጥንታዋለች።

ሰባተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ኤልቪራ ጌንሪኾቭና ናት። አንድያ ልጇ አፍጋኒስታን ዘምቶ በታሸገ የዚንክ ሬሳ ሣጥን ነው የተመለሰላት። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ ያያት የለም። ወሬኛ መቼም ሥራ አይፈታም፤ «ያቺ ሴትዮ የሌላ ሰው ልጅ በሕይወት ሲዞር ማየት አትወድም» ይላል። ካፒቶሊና መጀመሪያ አላመነችም ነበር። የሴቫ የጥሪ ወረቀት ቤቷ ሲደርስ ግን አመነች።

ሴቫ የእናቱን ፊት አይቶ ሊያስቃት ሞከረ። «እማዬ፣ ስለ ሰባተኛዋ አታስቢ። ክርስቶስ ራሱ ውሃ ላይ ሄዶ ቢያሳያት አምስት ነጥብ ሦስት ነው የምትሰጠው።»

«አፍህን ዝጋና ጫማህን እሰር» አለችው።

ወጡና ተንሸራተቱ። ኡልያና አንዴ ዘላ ስታርፍ እጇ በረዶውን ነካ፤ ሌላው ሁሉ ያማረ ነበር። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። ነጥቡ በድምፅ ማጉያ ተነበበ፤ አምስት ነጥብ ሰባት፣ አምስት ነጥብ ስምንት፣ እንደገና አምስት ነጥብ ሰባት። ሰባተኛዋ ጋ ሲደርስ አምስት ነጥብ ሁለት ሆነ። አዳራሹ አጉረመረመ፤ አንዱ ከላይ መንደሪን ወረወረ።

ቀጣዮቹ የየካተሪንበርጎቹ ነበሩ። የባላጋራን ጨዋታ ማየት፣ ነጥቡንም መስማት፣ እዚያ ሰፈር ገደ ቢስ ነው። ሴቫና ኡልያና ከአሰልጣኛቸው ጋር ልብስ መቀየሪያው ገብተው በሩን ዘጉ። ካፒቶሊናም እንደ ልማዷ ወደ ኋላው ደረጃ ወጥታ ጆሮዋን በሻርፕ ጠቀለለች።

እዚያ ቆማ ሳለ ጠዋት ያየችው ትዝ አላት። ኤልቪራ ከየካተሪንበርጎቹ አሰልጣኝ ጋር ሻይ ስትጠጣ አይታለች። ዳኛ በውድድር ቀን ከአሰልጣኝ ጋር መቀመጥ ክልክል ነው፤ የተገኘ ዳኛ ነጥቡ ይሰረዛል። እርግጥ ሻይ ቤቱ ያለው ጠረጴዛ አንድ ብቻ ነው። ካፒቶሊና ወረቀትና እርሳስ ለምና አቤቱታዋን ስትጽፍ ይህችን አልጨመረቻትም። አቤቱታ የሚገባው ውጤት ሳይነበብ ነው፤ ከተነበበ በኋላ እግዜርም አይቀይረው። ስለዚህ ሮጠች።

ዋናው ዳኛ የነጥቡን ዝርዝር ይዞ ወደ ድምፅ ማጉያው ሲሄድ ደረሰችበት። ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ካፒቶሊና ማትቬዬቭና፣ ይህን ልመልስልዎት እችላለሁ። ልመልሰው?»

«ይመዝገብልኝ» አለች።

ኤልቪራን አስጠርቶ ጠየቃት። «ሻይ ጠጥቻለሁ» አለች ኤልቪራ። ሌላም ልትናገር ስትል ዳኛ ስለ ሰጠው ነጥብ ቃል መተንፈስ እንደማይፈቀድለት አስታወሳት፤ እሷም ዝም አለች።

ካፒቶሊና ግን ዝም ማለት አቃታት። «እርስዎ እናት አልነበሩም? የእኔንም በሣጥን እንዲያመጡልኝ ነው የፈለግሽው?» አንቱታው መሃል ላይ ጠፋባት።

ኤልቪራ መነጽሯን አውልቃ ኪሷ ከተተች። «እግዜር ይቅር ይበልሽ» አለችና ካፖርቷን አንስታ ወጣች።

ደንቡ ግልጽ ነው። ዋናው ዳኛ ሰባተኛውን መስመር በቀይ እርሳስ ሰረዘና በቦታው፣ እንዲህ ላለ ጊዜ ተብሎ ከዘጠኙ ጎን ሲመዘግብ የቆየውን የተጠባባቂ ዳኛ ነጥብ አስገባ። ተጠባባቂው ገና ጎረምሳ ቢጤ ነው፤ ለሴቫና ለኡልያና አምስት ነጥብ ስምንት ሰጥቷል። ካፒቶሊና ይህን ስትሰማ አማተበች። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጋ ተነፈሰች።

ውጤቱ ተነበበ። የካተሪንበርግ አንደኛ፣ አምስት ለአራት።

ኡልያና ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ሴቫ ቁጭ ብሎ ጫማውን መፍታት ጀመረ። ማሰሪያው እምቢ ሲለው አሰልጣኙ ተንበርክኮ ፈታለት።

ካፒቶሊና ወደ ዋናው ዳኛ ሄዳ እጅጌውን ያዘች። ለእነሱ የፈረደው አምስተኛው ማነው፣ ልጄን የሸጠው ማነው እያለች ጮኸች። ሰውዬው ደክሞታል፤ አሁን ቢያሳያትም የሚለወጥ ነገር የለም። ዝርዝሩን አዙሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። የተጠባባቂውን መስመር አገኘች፤ ለሴቫና ለኡልያና አምስት ነጥብ ስምንት፣ ለየካተሪንበርጎቹ አምስት ነጥብ ዘጠኝ ይላል። ከሱ በላይ ያለው በቀይ የተሰረዘው ነው፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል።

ሰባተኛ ዳኛ፦ ሴቫና ኡልያና አምስት ነጥብ ሁለት፣ አንደኛ፤ የካተሪንበርግ አምስት ነጥብ አንድ፣ ሁለተኛ።